ሁለት ስሙኒ

የእህቴ ባል ሻኪሶ ወርቅ ሊለቅም ወርዶ፣
በዓመቱ ተመለሰ፣ ከወባ ጋር ተዛምዶ፤
ለብድሬ መያዣ ብሎ የሰጠኝ ይሄን ዘንግ ነው፣
ጫፉ ላይ ሰሃን የሚያህል፣ ብረት ሲሸተው የሚጮኸው።

ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣
ጩኸት ከጩኸት መለየት ነው የኔ ሥራና የኔ ምሥጢር።
«ደቻቱ ዳር» አሉኝ፣ «ውሃ የበላቸው ቤቶች ፍራሽ ላይ፣
ጠገራ አለ፣ ነጋዴ የቀበረው፤ ሂድና እይ!»

ሄድኩ። በማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትጨክን።
ፍየሎቹ ቀድመውኝ ካርቶን ያኝካሉ።
ዘንጉን እንደ ማጭድ ግራና ቀኝ፣
ጢው አለ፤ ቆፈርኩ፤ ቆርኪ። ደግሞ ጢው አለኝ፤
ሚስማር። ጢው፤ የሰርዲን ጣሳ። ጢው፤ የጫማ ዘለበት።
ጢው፤ ሌላ ቆርኪ። ይሄ ሰፈር ስንት ለስላሳ ተጠጥቶበት!
ወገቤን ይዤ ቀና ስል፣ ያጠራቀምኩት
አንድ ጎማ ለመጠገን እንኳ የማይበቃ ዝገት።

«ቁም!» አለች አንዲት ሴት፣ ከግራሩ ሥር ተነሥታ፣
ጀሪካኗን አሸዋው ላይ እንደ እንግዳ ጎልታ።
«ማድቤት ውስጥ ነህ።»
ዙሪያዬን አየሁ። አሸዋ። ፌስታል። የተቃጠለ ጎማ።
«አቦ፣ ማድቤት ውስጥ ነህ እያልኩህ! ውጣና በበሩ ግባ።»

በሩ የት ነው?
በአገጯ ጠቆመች፣ ሁለት ድንጋይ ወዳሉበት።
ወጣሁ። ዞርኩ።
በሌለው ጉበን ሥር ጎንበስ አልኩ፣ ግንባሬን እንዳይመታኝ፤
አንኳኳሁ፣ በምን ላይ እንደሆነ እንጃ፣ «ግባ» አለችኝ።

አዴ ሙሚና ትባላለች።
እዚህ ቁም ሳጥን፣ እዚህ የከሰል ጆንያ፣
እዚህ ደግሞ የባሏ ወንበር፣ አንድ እግሩ አጭር፤
እየዞርኩ አለፍኳቸው፣ አንዱንም ሳልነካ።
«አሁን ቀስ በል» አለች፣ የተኛ ሰው ያለ ይመስል፣
«ከአልጋው ራስጌ። እስቲ እዚያ ጋ አስጠጋው።»

አስጠጋሁት።
ጩኸቱ እንደ ቅድሙ አልነበረም፤ ወፍራም ነው፣ አይቆራረጥም፣
ስትነካካው ያመሸኸው ሬዲዮ ድንገት ጣቢያ ሲይዝ ያለው ድምፅ።

በእጇ ነው የቆፈረችው። ዶማዬን አልነካችም።
የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ክዳኑን ዝገት የበላው፤
ውስጡ ጭቃ፤ ጭቃው ውስጥ ስሙኒ፣ በስሙኒ ላይ የደረቀው።
ባንዱ ፊት አንበሳ፤ በሌላው ወንድና ሴት፣ እጃቸው ወደ ላይ፣
ያን ሌሊት ጣራ ላይ ወጥተን እንደተጣራነው ወደ ሰማይ፣
ድሬ ጠብ ሳይልባት፣ ደንገጎ ላይ ዘንቦ፣
ውሃው በጨለማ ሲመጣ፣ ግንድና መኪና አግበስብሶ።

በድሪያዋ ጫፍ እያሸች ቆጠረች።
ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ ብላ ጀምራ፣ መሐል ላይ በአማርኛ።
«አርባ መሆን አለበት።»
ሠላሳ ስምንት። ደግማ ቆጠረች።
ሠላሳ ስምንት።

«አርባ ሲሞላ ኳስ ልገዛ ነው ይለኝ ነበር።
ከፊራ ሄደህ ሙሸበክ በላህበት ወይ ስለው፣
ወላሂ አልበላሁም ብሎ ማለ፣
ምላሱ እኮ ቢጫ ነው! ቢጫ!»
ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አላለቀም።
ፍየሎቹ እንኳ ማኘካቸውን አቁመው አዩን።

ስሙን አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝ።
ዕድሜውን ከኳሱ ገመትኩት።

ሠላሳ ሰባቱን ወደ ጣሳው መለሰች፣
አንዷን በመዳፏ ዘርግታ፣ «ዋጋህ» አለች።
በስሙኒ ዛሬ አንዲት ከረሜላ አይሰጡህም፤
በሁለት እጄ ተቀበልኳት።
ጠገራው ካለ፣ ይኑር እዚያው።
በበሩ ወጣሁ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ዘንጉን ከግድግዳ ላስደግፍ ስል፣
ማጥፋቱን ረስቼ ኖሮ፣
ጢው አለ።
ኪሴ ላይ።